እንግዳና ባለቤት በሜዳ ላይ፦ የአፍጋኒስታንና የፓኪስታን የክሪኬት ፉክክር ታሪክ



ክሪኬት የሚባለውን ጨዋታ ከመካከላችን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ኬንያና ኡጋንዳ የተቀመጠ ወይም ዐረብ አገር ሠርቶ የተመለሰ ሰው ግን፣ ሕንዶችና ፓኪስታኖች ከሥራ ሲያርፉ በባዶ ሜዳ ላይ ጠፍጣፋ ዱላ ይዘው ሲሯሯጡ ሳያይ አይቀርም። ታዲያ ስለማናውቀው ጨዋታ በዚህች ጠባብ ገጽ ላይ ለምን እንጽፋለን? በስደተኞች መጠለያ ውስጥ ተወልዶ ለዓለም ዋንጫ የደረሰ ብሔራዊ ቡድን ስላለ ነው። የተወለደበት መጠለያ የነበረው በፓኪስታን ምድር ነው። ከሁሉም አብልጦ ሊያሸንፈው የሚፈልገው ቡድን ደግሞ የዚያችው የፓኪስታን ቡድን ነው። ይህን ታሪክ እኛ ካላነበብነው ማን ሊያነበው ነው?

ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በቅድሚያ ስለ ጨዋታው ጥቂት እንበል። ከገናችን ጋር የሚያገናኘው ዱላና ኳስ መኖሩ ብቻ ነው። በየወገኑ 11 ሰው ይሰለፋል። በሜዳው መሐል 20 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጠባብ መስመር አለ፤ በዳርና በዳሩ ሦስት ሦስት እንጨት ተተክሏል። ወርዋሪው ክንዱን ሳያጥፍ ኳሱን ወደ እንጨቶቹ ይወረውራል፣ መቺው በዱላው ይከላከላል። መትቶ ካራቀው ከጓደኛው ጋር ቦታ እየተለዋወጠ ይሮጣል፤ በሮጠ ቁጥር ነጥብ ይቆጠርለታል። ኳሱ መሬት ለመሬት ሄዶ ከሜዳው ጠርዝ ቢወጣ 4፣ በአየር ተወንጭፎ ቢያልፍ 6 ነጥብ ነው። እንጨቱ ከተመታ ወይም ኳሱ በአየር ላይ ከተቀለበ መቺው ይወጣል። አሥር ሰው ከወጣ ተራው አለቀ። አንዱ ቡድን መትቶ ሲጨርስ ሌላው ያንን ነጥብ ለማለፍ ይነሣል። «በ3 ዊኬት አሸነፈ» ሲባል፣ ሊወጡ ከሚችሉት 10 መቺዎች 3ቱ ሳይወጡ ነጥቡ ሞላ ማለት ነው። ስድስት ውርወራ አንድ ኦቨር ይባላል። አምስት ቀን የሚፈጅ ግጥሚያ አለ፣ በየወገኑ 50 ኦቨር ያለው የአንድ ቀን ግጥሚያ አለ፣ 20 ኦቨር ብቻ ያለው አጭሩም አለ። ለዛሬው ጽሑፋችን ይህ ይበቃል።

ሁለቱ አገሮች በወሰን ተጣልተው የኖሩ ናቸው። በ1893 የእንግሊዝ ሕንድ መንግሥት ሹም የነበረው ሞርቲመር ዱራንድና የካቡሉ አሚር አብዱር ራህማን ኻን በተፈራረሙት ውል መሠረት የተሰመረው መስመር የፓሽቱንን ሕዝብ ለሁለት ከፈለው። የእኛ ቦረናና አፋር፣ ሶማሌም፣ ይህ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። ፓኪስታን በ1947 ስትቋቋም ወደ ተባበሩት መንግሥታት እንዳትገባ ድምፅ የሰጠች አንዲት አገር ብቻ ነበረች፤ እርሷም አፍጋኒስታን ናት። ከዚያም በ1961 ግንኙነታቸው እስከ መቋረጥ ደርሷል። በክሪኬት ረገድ ግን በዚያን ጊዜ ፉክክር አልነበረም። ፓኪስታን ጨዋታውን ከእንግሊዝ ወርሳ ከዓለም ታላላቆች ጋር ስትሰለፍ፣ አፍጋኒስታን ኳስና ዱላውን አታውቀውም ነበር። የእንግሊዝ ወታደሮች በ1839 ካቡል ውስጥ ተጫውተውት እንደነበር ተጽፏል፤ ነገር ግን ወታደሮቹ በሽንፈት ሲወጡ ጨዋታቸውም አብሮ ወጣ።

የሶቭየት ጦር በታኅሣሥ 1979 ወደ አፍጋኒስታን ሲገባ ሕዝቡ በኻይበር በር በኩል ወደ ፓኪስታን ጎረፈ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በፓኪስታን የነበረው የአፍጋን ስደተኛ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ነበር። በፔሻዋር ከተማ ዙሪያ ካቻ ጋርሂ፣ ናስር ባግ፣ ጃሎዛይ የተባሉ መጠለያዎች ተመሠረቱ። መጀመሪያ ድንኳን ነበሩ፤ ቆይቶ ሰው በጭቃ ግድግዳ ሠራባቸው። ድንኳን ወደ ጭቃ ቤት ሲለወጥ ምን ዓይነት ስሜት እንደሚያድርበት ለእኛ አንባቢዎች መንገር አያሻም።

በእነዚህ መጠለያዎች የተወለዱ ወይም በሕፃንነታቸው የመጡ ልጆች ክሪኬትን ያዩት በፔሻዋር መንገዶች ላይ ነው። እውነተኛው የክሪኬት ኳስ በቆዳ የተሰፋ፣ ጠንካራና ውድ ነው። የፓኪስታን ድሃ ልጆች ዘዴ ነበራቸው፤ የቴኒስ ኳስ ይወስዱና የኤሌክትሪክ ሽቦ በሚጠቀለልበት ፕላስተር አጥብቀው ይሸፍኑታል። ኳሱ ይከብዳል፣ ይፈጥናል። እኛ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀን የሠራነውን ኳስ ያስታወሰ ሰው ነገሩ ይገባዋል። የስደተኛ ልጆችም ይህንኑ ይዘው በመጠለያው ጥርጊያ ላይ መጫወት ጀመሩ።

በመጋቢት 25 ቀን 1992 አንድ ትልቅ ነገር ሆነ። ፓኪስታን በኢምራን ኻን አምበልነት ሜልቦርን ላይ እንግሊዝን በ22 ነጥብ አሸንፋ የዓለም ዋንጫን ወሰደች። ኢምራን ራሱ ዘሩ ከፓሽቱን የሚመዘዝ ሰው ነበርና በፔሻዋር የነበረው ደስታ እጥፍ ሆነ። በዚያ ቀን የአፍጋን ስደተኛ ልጆች አብረው ጨፈሩ። የዛሬዎቹ ባላንጣዎች በአንድ ወቅት ለአንድ ዋንጫ አብረው የጮሁ ናቸው፤ ይህን ልብ በሉልን።

ከካቻ ጋርሂ ልጆች መካከል ታጅ ማሊክ የሚባል ወጣት ነበር። ወንድሞቹም ተጫዋቾች ናቸው። ታጅ በመጠለያው ቡድን አቋቋመ፣ ከየመጠለያው ጎበዝ ጎበዙን ፈልጎ አሰባሰበ፤ የአፍጋኒስታን ብሔራዊ ቡድን ይኑረን ማለትም ጀመረ። አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት እየነደደች ብሔራዊ ቡድን ማሰብ እብደት የሚያስመስል ነበር። የሆነ ሆኖ የአፍጋኒስታን የክሪኬት ፌዴሬሽን በ1995 ተመሠረተ። ታሊባኖች ሥልጣን እንደያዙ ስፖርትን ሁሉ በጥርጣሬ አዩት፤ በ2000 ግን ክሪኬትን ፈቀዱ። ተጫዋቹ ረጅም ሱሪና እጅጌ ለብሶ መጫወቱ ሳይጠቅመው አልቀረም። በ2001 አገሪቱ የዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት ተባባሪ አባል ሆነች። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር የአሜሪካ አውሮፕላኖች ካቡልን መደብደብ ሲጀምሩ የአፍጋኒስታን ቡድን በፓኪስታን ሜዳዎች ላይ በአገሩ የሁለተኛ ደረጃ ውድድር ይጫወት ነበር። አገር የሌለው ቡድን ማለት ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ባጭሩ እንለፈው። በ2008 ጀርዚ በምትባል በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለች ትንሽ ደሴት በተደረገው የአምስተኛ ዲቪዚዮን ውድድር፣ ፍጻሜውን በ2 ዊኬት ብቻ አሸንፈው ወጡ። የሚቀጥለው ደረጃ በዚያው ዓመት በእኛው ምሥራቅ አፍሪቃ፣ በዳሬ ሰላም ነበር፤ እሱንም አሸነፉ። በ2009 መጀመሪያ በቦነስ አይረስ አንደኛ ሲወጡ ሁለተኛ ሆና አብራ ያለፈችው ኡጋንዳ ናት። በ2003 የዓለም ዋንጫ ለግማሽ ፍጻሜ የደረሰችው ኬንያ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2013 ሻርጃ ላይ በእነርሱ ተሸነፈችና ለ2015ቱ የዓለም ዋንጫ ያለፉት አፍጋኖች ሆኑ። የአፍሪቃ ወገን ነን ለሚል ሰው ይህ ትንሽ ያማል። ታጅ ማሊክ ግን ከጀርዚው ድል በኋላ ብዙም ሳይቆይ ከአሠልጣኝነቱ ተነሣ። የመሠረተውን ቤት ጣራ ሌላ ሰው እንዲያለብሰው ተሰጠበት።

ያ ሌላ ሰው ካቢር ኻን ነው፤ የፔሻዋር ተወላጅ፣ ለፓኪስታን ብሔራዊ ቡድን የተጫወተ። ከእርሱም በኋላ ከታላላቆቹ የፓኪስታን መቺዎች አንዱ የነበረው ኢንዛማም ኡል ሃቅ በ2015 እና በ2016 አሠልጥኗቸዋል። የፔሻዋሩ ኡመር ጉል ወርዋሪዎችን አሠልጥኗል፤ የማርዳኑ ዩኒስ ኻንም አማካሪያቸው ሆኖ ሠርቷል። እነ መሐመድ ናቢ፣ እነ መሐመድ ሻህዛድ ዱላ መያዝ የተማሩት በፔሻዋር ነው። እንግዲህ የክርክሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ፓኪስታናዊው «አስጠጋንህ፣ አበላንህ፣ ዱላ አያያዝ አስተማርንህ፤ ዛሬ ልትሰድበን መጣህ?» ይላል። አፍጋኑ ደግሞ «የተማርኩት በአቧራ ላይ ራሴን ችዬ ነው፤ ወረቀት ከልክለኸኛል፣ ፖሊስህ በየኬላው አስቁሞኛል፣ ደግሞም ጦርነቱ ውስጥ እጅህ አለበት» ይላል።

እኛ ሁለቱንም ስንመዝናቸው ሁለቱም አልዋሹም እንላለን። የፔሻዋር ሕዝብ ለዓመታት ያንን ሁሉ ሰው ተሸክሟል፤ በገበያውና በውኃው ተካፍሏል። በኳስ ሜዳም ቢሆን የከተማው ክለቦች የስደተኛን ልጅ ካላስገቡ ናቢ የሚባል ሰው ዛሬ አይታወቅም ነበር። በሌላ በኩል የስደተኛ ልጅ ጎበዝ ሆኖ ሲገኝ ምስጋናውን ሁሉ ባለቤቱ ሲወስደው፣ ሲያጠፋ ግን «ስደተኛ» ተብሎ ሲጠራ ማየት ለእኛ አዲስ አይደለም። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ይባል የለ? አርባ ዓመት የቆየ እንግዳ ምን እንደሚሆን የተረት ባለቤቶች አልነገሩንም።

ወደ ሜዳው እንመለስ። መጋቢት 3 ቀን 2009 በላሆር ከተማ ታጣቂዎች የስሪ ላንካን ቡድን በያዘ አውቶቡስ ላይ ተኩስ ከፈቱ፤ ፖሊሶችና ሲቪሎች ተገደሉ። ከዚያ በኋላ የውጭ ቡድን ፓኪስታን መግባት አቆመ። ታላቂቱ ፓኪስታን ቤቷ ተዘጋባትና የራሷን ግጥሚያ በዱባይ፣ በአቡ ዳቢና በሻርጃ ማድረግ ጀመረች። አፍጋኒስታንም በጦርነቱ ምክንያት በአገሯ ማስተናገድ ስላልቻለች ሻርጃን ቤቷ አድርጋ ነበር። ሁለቱም ከቤታቸው ርቀው በአንድ የዐረብ ከተማ ሜዳ ተገናኙ። በዚያ ከተማ ሕንጻ ሲገነቡ፣ ታክሲ ሲነዱ የሚውሉት የሁለቱ አገሮች ፓሽቱኖች ምሽቱን በሁለት ጎራ ተከፍለው ይቀመጣሉ። ሻርጃ ላይ የሠራ ወገናችን ሁሉ እነዚህን ሰዎች ያውቃቸዋል።

አንድ ብዙ ሰው የማያነሣው ነገር አለ። በግንቦት 2011 ሌላው ዓለም ፓኪስታንን በፈራበት ጊዜ የአፍጋኒስታን ቡድን ሄዶ ከፓኪስታን «ሀ» ቡድን ጋር ሦስት ጊዜ ተጫውቷል። ሦስቱንም ተሸንፏል። ነገር ግን የባለቤቱ ቤት ሰው ባጣ ጊዜ የሄደው ያው የድሮው እንግዳ ነው።

ዋናዎቹ ቡድኖች በአንድ ቀን ግጥሚያ የተገናኙት የካቲት 10 ቀን 2012 በሻርጃ ነው። አፍጋኒስታን ከታላላቆቹ አገሮች አንዱን በአንድ ቀን ግጥሚያ ስትገጥም የመጀመሪያዋ ነበር። 195 ነጥብ አስቆጠረች፤ ፓኪስታን በ7 ዊኬት አሸነፈች። በታኅሣሥ 2013 በአጭሩ ግጥሚያ ተገናኝተው ፓኪስታን ያሸነፈችው አንድ ውርወራ ሲቀር ነው። እርግጥ ከዚያ በፊት በ2010 በጓንግዡ የእስያ ጨዋታዎች አፍጋኖች በግማሽ ፍጻሜ ፓኪስታንን በ22 ነጥብ ጥለው የብር ሜዳሊያ ወስደዋል፤ ፓኪስታን የላከችው ዋናውን ቡድኗን ስላልነበረ ግን ፓኪስታኖች አይቆጥሩትም። አፍጋኖች ይቆጥሩታል።

ፖለቲካው ከሜዳው ወጥቶ አያውቅም። ግንቦት 31 ቀን 2017 በካቡል የኤምባሲዎች ሠፈር አንድ የጭነት መኪና ሙሉ ፈንጂ ፈንድቶ ከ150 በላይ ሰው ገደለ። የካቡል ሰዎች ጣታቸውን ወደ ፓኪስታን ቀሰሩ፤ ፓኪስታን አስተባበለች። የአፍጋኒስታን የክሪኬት ቦርድ በዚያው ሰሞን ከፓኪስታን ጋር የታሰበውን የወዳጅነት ግጥሚያ ሰረዘ። በ2018 ደግሞ መሐመድ ሻህዛድ ሳይፈቀድለት ፔሻዋር ውስጥ በክለብ ውድድር ተጫውቶ ተገኘና በራሱ ቦርድ 300,000 አፍጋኒ ተቀጣ፤ ኑሮውን ጠቅልሎ ወደ አገሩ እንዲመለስም ታዘዘ። ሻህዛድ ያደገው ፔሻዋር ነው። ባደገበት ሠፈር ሄዶ ኳስ መምታቱ ክህደት ሆኖ ተቆጠረበት። ቦርዱን ጨርሶ አንወቅስም፤ ነገር ግን ስደተኛ ወደ አገሩ ሲመለስም ያደገበት ቦታ ወንጀል ሆኖ ሊጠብቀው እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

በዚያው ዓመት መስከረም 21 ቀን በእስያ ዋንጫ አቡ ዳቢ ላይ ተገናኙ። አፍጋኒስታን 257 አስቆጠረች፤ ሐሽማቱላህ ሻሂዲ ለመቶ 3 ነጥብ ሲቀረው ተራው አለቀ። ፓኪስታን ሦስት ውርወራ ሲቀር በ3 ዊኬት አሸነፈች። የመጨረሻውን ኦቨር የወረወረው አፍታብ አላም መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ያሸነፈው የፓኪስታኑ ሾይብ ማሊክ ከደስታው መሐል ወጥቶ ጎንበስ ብሎ አጽናናው። ይህንን የሚያሳየው ፎቶግራፍ በሁለቱም አገር ዞሯል። ፉክክሩ እዚያ ላይ ቢቆም መልካም በሆነ ነበር።

አልቆመም። ሰኔ 29 ቀን 2019 በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ በዓለም ዋንጫ ተገናኙ። ከሜዳው ውጭና ውስጥ ደጋፊዎች ተደባደቡ፤ አንድ አውሮፕላን ስለ ባሉቺስታን የተጻፈ የፖለቲካ መፈክር እየጎተተ ከላይ ዞረ። አፍጋኒስታን 227 አስቆጠረች። ከዚህ ውስጥ አራቱን መቺዎች ያስወጣው የፓኪስታኑ ሻሂን አፍሪዲ የላንዲ ኮታል ልጅ ነው፤ ከወሰኑ ከቶርክሃም ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ የምትገኝ የፓሽቱን ከተማ ናት። አፍጋኖች አሸናፊነቱን ይዘውት ሳለ አምበሉ ጉልባዲን ናይብ ራሱ በወረወረው አንድ ኦቨር 18 ነጥብ ተቆጠረበትና ፓኪስታን ሁለት ውርወራ ሲቀር አለፈች። አምበሉ ኳሱን ለሌላ ሰው መስጠት ነበረበት፤ ይህን ለማለት የክሪኬት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

በነሐሴ 2021 ታሊባኖች ካቡልን ያዙ። ከዚያ በፊት በኅዳር 2020 ቦርዱ ለ25 ሴቶች ውል ሰጥቶ የሴቶች ቡድን ሊያቋቁም ነበር። ሴቶቹ ተበተኑ፤ አንዳንዶቹ በፓኪስታን በኩል አልፈው አብዛኞቹ አውስትራሊያ ገቡ። አንድ ላይ ሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወቱት ጥር 30 ቀን 2025 በሜልቦርን ነው። የወንዶቹ ቡድን ግን ቀጥሏል፤ የሚጫወተውም የወደቀውን መንግሥት ባለ ሦስት ቀለም ባንዲራ ይዞ ነው። የወንዶቹን ድል ስናወራ እነዚህን ሴቶች ብንረሳ ታሪኩ ጎዶሎ ይሆናል።

መስከረም 7 ቀን 2022 በሻርጃ የሆነውን እንደ ደረስንበት እንጻፈው። የእስያ ዋንጫ ነው፤ አጭሩ ግጥሚያ። አፍጋኒስታን 129 ብቻ አስቆጠረች። ትንሽ ናት፤ ነገር ግን ወርዋሪዎቿ ፓኪስታንን ጉሮሮዋን ያዟት። በ19ኛው ኦቨር ፋሪድ አህመድ ተስፋ የተጣለበትን አሲፍ አሊን አስወጣና ፊት ለፊቱ ቆሞ ጨፈረበት፤ አሲፍ ዱላውን አነሣበት። ሰዎች ገላገሉ፤ በኋላ ሁለቱም ተቀጡ። የመጨረሻው ኦቨር ሲጀመር ፓኪስታን 11 ነጥብ ያስፈልጋታል፣ የቀራት ደግሞ አንድ ዊኬት ነው። ዱላ የያዘው የ19 ዓመቱ ናሲም ሻህ ነው፤ ሥራው መወርወር እንጂ መምታት አይደለም። ወርዋሪው ፋዛልሃቅ ፋሩኪ። የመጀመሪያው ኳስ በአየር አልፎ 6። ሁለተኛው ኳስ እንዲሁ 6። አለቀ። ናሲም ዱላውን ጥሎ ሮጠ። የአፍጋን ደጋፊዎች ወንበር ነቅለው መወርወር ጀመሩ። ናሲም የታችኛው ዲር ተወላጅ የሆነ ፓሽቱን ነው፤ ያሸነፋቸው የራሳቸውን ቋንቋ የሚናገር ልጅ ነበር። ወንበር የነቀሉትን አንደግፍም። ግን ስድሳ ብር የማይሞላ ነገር ላይ ለጥል የሚነሣ ሰው ቁጣው ስለ ስድሳው ብር እንዳልሆነ በየወረፋው ላይ አይተናል።

በመጋቢት 2023 እዚያው ሻርጃ ላይ አፍጋኒስታን የመጀመሪያውን የዋና ቡድኖች ድል አገኘች። ፓኪስታን አንዳንድ ታላላቅ ተጫዋቾቿን አሳርፋ ነበር፤ 92 ላይ ቀርታ በ6 ዊኬት ተሸነፈች፤ ተከታታዩም 2 ለ 1 ለአፍጋኖች ሆነ። በነሐሴ ወር ግን ስሪ ላንካ ውስጥ በአንድ ቀን ግጥሚያ 3 ለ 0 ተሸነፉ። በመጀመሪያው 59 ላይ አለቁ። በሁለተኛው ራህማኑላህ ጉርባዝ ብቻውን 151 አስቆጥሮ ቡድኑ 300 ደርሶ ነበር፤ የመጨረሻው ኦቨር ሲመጣ አሁንም 11 ነጥብ፣ አሁንም ወርዋሪው ፋሩኪ፣ አሁንም ዱላው በናሲም እጅ። ፓኪስታን አንድ ውርወራ ሲቀር በ1 ዊኬት አሸነፈች። ጸሐፊ ፈጥሮ ቢጽፈው አንባቢ አያምነውም።

ጥቅምት 3 ቀን 2023 የፓኪስታን መንግሥት ወረቀት የሌላቸው የውጭ ሰዎች ሁሉ እስከ ኅዳር 1 ከአገር እንዲወጡ አወጀ። መንግሥት ራሱ 1.7 ሚሊዮን ያህል ወረቀት የሌላቸው አፍጋኖች አሉ ብሎ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ በፓኪስታን ተወልደው አፍጋኒስታንን አይተው የማያውቁ ነበሩ። በቶርክሃምና በቻማን በኩል የጭነት መኪና ላይ ፍራሽ፣ የበር እንጨትና ዶሮ የጫነ ሰው ይተም ጀመር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ500,000 በላይ ሰው ወጣ።

ቀነ ገደቡ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ጥቅምት 23፣ ሁለቱ ቡድኖች በሕንድ አገር በቼናይ ከተማ በዓለም ዋንጫ ተገናኙ። እስከዚያ ቀን በአንድ ቀን ግጥሚያ ሰባት ጊዜ ተጋጥመው ሰባቱንም ያሸነፈችው ፓኪስታን ናት። መጀመሪያ መታችና 282 አስቆጠረች፤ አምበሉ ባባር አዛም 74 አገባ። አፍጋኒስታን ይህን ያህል ነጥብ ተከትላ ደርሳ አታውቅም። ጉርባዝ 65፣ ኢብራሂም ዛድራን 87 አስቆጠሩ። እነሱ ሲወጡ ራህማት ሻህና አምበሉ ሻሂዲ ቆሙ። አልቸኮሉም፤ በሊድስና በሻርጃ የጠፋው ትዕግሥት እዚህ ተገኘ። ስድስት ውርወራ ሲቀር 286 ሞላ፤ የወጣው ሁለት መቺ ብቻ ነው። በ8 ዊኬት አሸነፉ።

የግጥሚያው ኮከብ የተባለው ኢብራሂም ዛድራን ነው። ሽልማቱን ሲቀበል ድሉን ከፓኪስታን ወደ አፍጋኒስታን ለሚባረሩት ሰዎች ሰጠ። ዕድሜው ገና 21 ነበር። የሕንድ ተመልካች በታላቅ ጭብጨባ ተቀበለው፤ ሕንዶች ደግሞ ለፓኪስታን መሸነፍ የራሳቸው ደስታ እንዳላቸው አይዘነጋም። አንዳንድ የፓኪስታን ጋዜጠኞች ልጁ ውለታ ቢስ ነው አሉ። ሌሎች ፓኪስታኖች ደግሞ እውነቱን ተናገረ ብለው ተሟገቱለት። በመካከላችን ስለዚህ ጉዳይ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዳንዶቻችን በባለቤቱ ላይ አደባባይ ወጥቶ መናገር እዚያ የቀሩትን ይጎዳል ስንል፣ ሌሎቻችን ዝም ያለስ መቼ ቀረለት አልን። ሳንስማማ መሸ።

ድሉ ካለፈ በኋላም መኪኖቹ ወደ ቶርክሃም መሄዳቸውን አላቆሙም።

በ2024 አፍጋኒስታን በአጭሩ የዓለም ዋንጫ ለግማሽ ፍጻሜ ደረሰች። በየካቲት 2025 በፓኪስታን ምድር፣ በላሆር፣ እንግሊዝን በ8 ነጥብ አሸንፋለች፤ ያኔም 177 ያስቆጠረው ዛድራን ነው፣ አማካሪያቸውም ያው የማርዳኑ ዩኒስ ኻን ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴና መስከረም በሻርጃ ሦስት ጊዜ ተገናኝተው አፍጋኒስታን አንዱን፣ ፓኪስታን ፍጻሜውን ጨምሮ ሁለቱን አሸነፉ። በፍጻሜው አፍጋኖች 66 ላይ አለቁ።

በጥቅምት 2025 የሁለቱ አገሮች ጦር በወሰኑ ላይ ተዋጋ፤ ቶርክሃምም ተዘጋ። ጥቅምት 17 ቀን በፓክቲካ ክፍለ ሀገር በተደረገ የአየር ድብደባ የወዳጅነት ግጥሚያ ተጫውተው የተመለሱ ሦስት የአካባቢው የክሪኬት ተጫዋቾች መገደላቸውን የአፍጋኒስታን ቦርድ አስታወቀ። ፓኪስታን የመታሁት የታጣቂዎችን ምሽግ ነው አለች። ቦርዱ በኅዳር ወር ፓኪስታን ውስጥ ሊደረግ ከነበረው የሦስት አገሮች ውድድር ወጣ፤ በቦታው ዚምባብዌ ተተካች።

ካቻ ጋርሂ ዛሬ የስደተኛ መጠለያ አይደለም። አፍጋኖቹ ከወጡ በኋላ በ2008 ከባጃውር ጦርነት የሸሹ ፓኪስታናውያን ተፈናቃዮች ሠፍረውበት ነበር። ከዚያ ሠፈር ተነሥቶ ወደ ጃላላባድ የሚወስደው መንገድ በኻይበር በኩል 130 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ዋናዎቹ ሁለት ቡድኖች ግን እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ በይፋ ግጥሚያ አንዳቸው በሌላቸው ምድር ላይ ተጫውተው አያውቁም። ለመገናኘት ሻርጃ፣ ሊድስ፣ ቼናይ ድረስ ይሄዳሉ።